በቀይ ያሰመርኩት ዓምድ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሲፈን በረንዳዬ ላይ ተቀምጣ፣ ኮምፒዩተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትሠራ አንዲት ነገር ተናገረችና ደሜን አፈላችው። እኔ ፊት ለፊቷ የተቀቀለ አንጮቴ፣ የአገራችንን ሥራሥር፣ እየላጥኩ ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፤ ከጣሪያው ጠርዝ ጠብ ጠብ ይላል። ነቀምቴ በሰኔ እንዲህ ናት፤ ጥቂት ታስተነፍስና መልሳ ትጨልማለች።

«አኮ፣ ይሄ ሠንጠረዥ ሊያሳብደኝ ነው» አለችኝ። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ ስትጨነቅ ደግሞ ከወትሮው ረዘም አድርጋ ነው የምትጠራኝ።

ምን ሆኖ ነው ብላት፣ ከየትምህርት ቤቱ የተላከ የተማሪዎች መዝገብ መሆኑን አስረዳችኝ። ስም፣ ዕድሜ፣ ክፍል፣ የቤተሰብ ብዛት። የቤተሰብ ብዛት የሚለውን ብዙዎቹ ሳይሞሉት ነው የላኩት። እሷ ደግሞ እስከ ሰኞ ደምራ ማስረከብ አለባት።

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ቀላል ነው። አንድ መስመር ትእዛዝ እጽፍለታለሁ፣ ባዶው ሁሉ ዜሮ ይሆናል። ከዚያ መደመር ነው።»

አንጮቴውን ሳህኑ ላይ መለስኩት። «ቆይ፣ ቤተሰቡ ዜሮ የሆነ ልጅ ማን ወለደው? ደብተሩንስ ማን ገዛለት?»

ሲፈን ሳቀች። «አይ አኮ ደግሞ! ለሒሳቡ እኮ ነው።»

ለሒሳቡ። ይህችን ቃል መጨረሻ የሰማኋት ከአርባ ዓመት በፊት አንገር ጉቲን ላይ ነው። ያኔም አልወደድኳትም። ዕድሜ ልቤን ያለሰልሰው ይሆናል እያልኩ ስጠብቅ ይኸው ብሶብኛል። «ዝጊውና ስሚኝ» አልኳት። ባትዘጋውም ሰማችኝ። ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አባቴ ሸዌ፣ እናቴ የዚሁ የነቀምቴ ልጅ ናት። አባቴ አስናቀች ብሎ አወጣልኝ፣ እናቴ አሳጥራ አስኑ አለችኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ትየባና የመዝገብ አያያዝ ተምሬ፣ ፈተናውን በአንደኝነት አልፌ መሥሪያ ቤት ገባሁ። ጽሕፈቴ ቆንጆ ነበር። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ወይም እንግዲህ ትንሽ ለጉራ ነው። ድምር ስሠራ ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ፣ በማስመሪያ፣ ቀጥ አድርጌ አሰምራለሁ። ቀዩን እስክሪብቶ ከተማ መሀል ካለው የጉራጌው ሱቅ ነበር የምገዛው፤ ባለሱቁ «ይቺ ልጅ ቀለሙን ትጠጣዋለች እንዴ?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ የተነሡ ሰዎች በመኪና እየተጫኑ አንገር ጉቲን ሲራገፉ፣ እኛን መዝጋቢዎቹን በየመንደሩ በተኑን። ለእኔ የደረሰኝ አምስተኛው መንደር ነው። መንደሮቹ ስም አልነበራቸውም፣ ቁጥር እንጂ። የሄድኩት በግንቦት መጀመሪያ፣ ኦቦ ዲንሳ በሚነዳው የእህል ጭነት መኪና ላይ ነው። ኦቦ ዲንሳ የእናቴ ጎረቤት ነበር፤ ትልቅ ሆድ፣ ትንሽ ኮፍያ፣ ማለቂያ የሌለው ወሬ። ከነቀምቴ ስንነሣ ሹራብ ለብሼ ነበር። ኡኬ ስንደርስ አወለቅኩት። አንገር ስንወርድ ደግሞ ቆዳዬንም ባወልቀው ደስ ባለኝ። ቁልቁለቱን ስንጨርስ ሳሩ ከመኪናው ጎን ከፍ ብሎ ይገርፈናል፤ አየሩ የእርጥብ ጭድ ሽታ አለው። ኦቦ ዲንሳ ለወባ የሚሆን መድኃኒት ከኪሱ አውጥቶ «ኢንተላ ኮ፣ ይችን በየሳምንቱ ዋጪ፤ ትመራለች፣ ግን ዋጪ» አለኝ። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ ማለቱ ነው። መረረችኝ፤ ዋጥኳት።

ሥራው እንዲህ ነበር። ከትልቅ ዋርካ ሥር ጠረጴዛ አቆሙልኝ። ከፊቴ ሰልፍ። መዝገቡ ሰፊ ነው፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የመጡበት ወረዳ፣ የልጆች ብዛት ይላል። ከዚያ «የባል ሁኔታ» የሚል አለ፤ ከሥሩ ሁለት ዓምዶች፣ «አለ» እና «የለም»። አንዱ ላይ ምልክት አድርጎ ማለፍ ነው። በመጨረሻ «አለ» ተደምሮ፣ «የለም» ተደምሮ፣ ሁለቱ ሲደመሩ ከሴቶቹ ቁጥር ጋር እኩል መምጣት አለባቸው።

እኔም ፈጣን ነበርኩ።

«ስምሽ?»

«ዘይነባ።»

«ልጆች?»

«ሁለት። ሰዓዳና ኢብሬ።»

«ባልሽስ?»

ሴትዮዋ ዞር ብላ ወደ ኋላዋ አየች፤ ወደ ሰልፉ፣ ወደ ሜዳው። ከዚያ «የለም» አለች። ምልክቴን አደረግኩና «ቀጣይ!» አልኩ። ያን ዞር ማለቷን ዓይኔ አይቶታል። እጄ ግን አልጠበቀውም።

እንዲህ አራት ቀን መዘገብኩ። ማታ ማታ የምንበላው የእርዳታ ስንዴ ቅንጬ ነበር፤ አንዳንዴ ኦቦ ዲንሳ ከመንገድ የገዛውን ማንጎ ያመጣልናል፣ ጭማቂው እስከ ክርን ይወርዳል። ሥራዬን ወድጄው ነበር። ድምሩ ሲገጥም የሚሰማኝን ደስታ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

አርብ ከሰዓት ኃላፊያችን ጓድ መኩሪያ ሕዝቡን ሰብስቦ ማስታወቂያ አነበበ። ጓድ መኩሪያ ከሌላ አገር የተሾመ ቀጭን ሰው ነበር፤ ወባ አመንምኖት ኮቱ ትከሻው ላይ የተሰቀለ ይመስላል። ማስታወቂያው፣ አባት የሌላቸው ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ልጆች ሰኞ ጠዋት በመኪና ተጭነው ራቅ ያለ ቦታ ወዳለ የሕፃናት ማሳደጊያ ይሄዳሉ የሚል ነው። እዚያ ይማራሉ፣ ይለብሳሉ አለ። እናቶቹስ? እናቶቹ መንደር ውስጥ ይቀራሉ። ዝርዝሩ የሚወጣው ከመዝገቡ ነው። ከእኔ መዝገብ።

ቅዳሜ ጠዋት ገና ጠረጴዛዬ ላይ ሳልቀመጥ ዘይነባ መጣች። ሁለቱን ልጆች በግራና በቀኝ ይዛለች። ሰዓዳ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ኢብሬ ሰባት። ሴትዮዋ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

«መዝጋቢዋ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ልጆቼን የቲም ያደረግሻቸው አንቺ ነሽ?»

ሥልጣን ያለው ሰው ሲደነግጥ እንደሚያደርገው ወደ መዝገቡ ሸሸሁ። ገጹን ገልጬ አሳየኋት። «እዪው፣ እኔ ከራሴ አላመጣሁትም። ራስሽ ነሽ የለም ያልሽኝ።»

«የለም አልኩሽ እንጂ ሞተ አልኩሽ?» ድምጿ አሁን ከፍ አለ። «ባልሽስ አልሽኝ፣ ዞሬ አየሁ፣ አጠገቤ አጣሁት፣ የለም አልኩሽ። ወላሂ፣ ምን ልበልሽ ኖሯል እቴ? የሌለውን አለ ልበል?»

«የት ነው ታዲያ?»

«እኔስ ባውቅ! መንገድ ላይ መኪናው ቆሞ ውሃ ሊቀዳልን ወረደ። ይመር ሳይመለስ መኪናው ተነሣ። ጮህን፣ ጣሪያውን ደበደብን፣ ማን ሰምቶ። ከኋላ ሌሎች መኪኖች ነበሩ። ወይ በነሱ መጥቷል፣ ወይ እዚያው ቀርቷል፣ ወይ ደግሞ…» እዚህ ላይ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «እኔ አላውቅም። አላህ ነው የሚያውቀው። አንቺ ከየት አውቀሽ ነው የጻፍሽው?»

ከየትም አላወቅኩም። ቅጹ ሁለት ቦታ ብቻ ስለነበረው ወደ አንዱ ወረወርኳት።

እዚህ ላይ ስለ ወንድሜ ልንገራችሁ፣ አለዚያ ከዚያ በኋላ ያደረግኩት የጀብደኛ ሥራ ይመስላችኋል። እኔ ጀብደኛ አይደለሁም፤ ቂመኛ ነኝ።

ወንድሜ ገመቹ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ይህ ከመሆኑ ሰባት ዓመት በፊት፣ ወጣቱ እንደ ጎመን በሚለቀምበት ወራት፣ የአባቴን ቡኒ ኮት እንደለበሰ ከደጃፋችን በጠራራ ፀሐይ ወሰዱት። እናቴ ለሁለት ወር ስንቅ አመላለሰችለት። አንድ ቀን በር ላይ ያለው ወታደር ሳህኑን መልሶ «እዚህ የለም» አላት። የት ሄደ? «የለም አልኩሽ!» በቃ። ይህ በሆነ በወሩ ለቀበሌ ሱቅ ካርዳችንን ስናሳድስ፣ ጸሐፊው በገመቹ ስም ላይ መስመር አሰመረና ከጎኑ «የለም» ብሎ ጻፈ። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ፣ ለአራት ይሰጠን የነበረው ስኳር የሦስት ሆነ፤ እናቴ፣ እኔና ታናሽ እህቴ። እናቴ ባንኮኒው ፊት ቆማ በአማርኛና በኦሮምኛ ቀላቅላ ጠየቀችው። «የለም ማለት ምን ማለት ነው? እዚህ የለም ነው? ወይስ ዱኤ ነው፣ ሞቷል? ለይተህ ጻፍልኝ።» ጸሐፊው ራሱን ቀና ሳያደርግ «እናቴ፣ ለሒሳቡ ነው» አላት። ስኳሩን ባንኮኒው ላይ ትታው ወጣች። ካርዱ እስኪስተካከል ቤቴ ስኳር አይገባም ብላ ማለች። አልተስተካከለም። ሻይ በጨው መጠጣት የለመድነው ያኔ ነው።

በእኛ አገር እኮ ሰላምታው ራሱ ይህን ይጠይቃል። «አካም ጅርቱ?» እንዴት አላችሁ? «ጅራ።» አለሁ። አንድ ሰው ከቤት ከወጣ ደግሞ «ህን ጅሩ» ይባላል፣ የለም። ገበያ የሄደም ህን ጅሩ ነው፣ የሞተም ህን ጅሩ ነው። በኦሮምኛም በአማርኛም ያው ነው። ሰው ከሰው ጋር ሲያወራ ችግር የለውም፤ ፊቱን አይተህ የቱ እንደሆነ ታውቃለህ። መዝገብ ግን ፊት የለውም። እናቴ ለሰባት ዓመት «ገመቹስ?» ለሚላት ሁሉ ጅራም ህን ጅሩም ብላ አታውቅም። «ህን ቤክኑ» ነበር መልሷ። አናውቅም።

እና እኔ፣ የዚያች ሴት ልጅ፣ በዚያ ቆንጆ ጽሕፈቴ፣ አንገር ጉቲን ዋርካ ሥር ተቀምጬ የቀበሌውን ጸሐፊ ሆኜ ቁጭ አልኩላችሁ። ዘይነባ ፊቴ እንደቆመች አፈርኩ። ቀጥሎ ደግሞ ንዴት መጣ፤ መጀመሪያ በራሴ፣ ከዚያ በሁሉም።

ማስመሪያዬን አወጣሁ። «አለ» እና «የለም» በሚሉት ዓምዶች መሀል በቀይ እስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች አሰመርኩ፤ ጠባብ ናት ግን ቦታ ተገኘላት። ከላይ «አልታወቀም» ብዬ ጻፍኩ። የዘይነባን ምልክት ሰረዝኩና ወደዚያ አዛወርኳት።

«ምን አደረግሽ አሁን?» አለችኝ፤ ማንበብ አትችልም።

«ያልሽኝን ጻፍኩ።»

ከዚያ መዝገቡን ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ ከጎጆ ጎጆ ዞርኩ። ቅዳሜን ሙሉ፣ እሑድን እስከ ቀትር። «የለም» ያልኩባቸውን ሴቶች ሁሉ እንደገና ጠየቅኩ፤ አሁን ግን ጥያቄው ሌላ ነው። «ሞቷል? ወይስ የት እንዳለ አታውቂም?» ጭቃው ጫማዬን አስቀረብኝ፣ በባዶ እግሬ ሄድኩ። አንዷ የስንዴ ቂጣ ጋግራ ሰጠችኝ፣ በእጄ ይዤው ስጽፍ ገጹ ላይ ጥላሸት ነካ። አንዳንዷ «በእጄ ነው የቀበርኩት» ትላለች፤ ለሷ «የለም» የሚለውን እንዳለ ተውኩት። ሌላዋ «እንጨት ሊለቅም ሄዶ ነው እቴ፣ ያውልሽ እየመጣ!» ብላ ሳቀችብኝ፤ ባሏ በስተጀርባዬ እንጨት ተሸክሞ ቆሟል። እሱንም እኮ «የለም» ብዬዋለሁ! ሠላሳ አንዷ ግን ልክ እንደ ዘይነባ ነበሩ። መንገድ ላይ፣ መጠለያ ላይ፣ ሌላ መኪና ላይ። አያውቁም።

እሑድ ከሰዓት ጓድ መኩሪያ ድንኳኑ ውስጥ አስጠራኝ። መዝገቡን አገላብጦ ቀዩን ዓምድ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ይህ ምንድነው፣ ጓድ አስናቀች?»

«ያልታወቁት ናቸው።»

«ቅጹ ላይ እንደዚህ ያለ ነገር የለም።»

«ቅጹ ላይ የለም፤ መንደሩ ውስጥ ግን አለ።»

ዓይኑን ጨፈነና ከፈተ። «ስሚ። አለና የለም ተደምረው ከጠቅላላው ጋር መግጠም አለባቸው። አሁን ሠላሳ አንድ ይጎድላል። ባዶውን ወደ ‹የለም› አዛውሪና ድምሩን አስተካክለሽ አምጪ። ለሒሳቡ ነው።»

«አላዛውርም።»

«አብዮቱ ‹አላውቅም› የሚባል መልስ አያውቅም!»

«እንግዲያው አብዮቱ ይምጣና ይመር የት እንዳለ ለሚስቱ ይንገራት» አልኩት።

ከአፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ። በዚያ ዘመን ከዚህ ያነሰ ተናግረው ያልተመለሱ አሉ። ጓድ መኩሪያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ መቼም ዝቅ ያለ ድምፅ ነው የሚያስፈራው።

«የወንድምሽን ጉዳይ አውቃለሁ» አለኝ።

ፈራሁ፣ አልዋሽም። ግን እናቴ ባንኮኒው ላይ የተወችው የስኳር ከረጢት ዓይኔ ላይ መጣ።

«ካወቁማ ይንገሩኝ» አልኩት። «እኛ ሰባት ዓመት ሙሉ ጠይቀን አላወቅንም። ይንገሩኝና ሄጄ ለእናቴ ልንገራት።»

ቀና ብሎ አየኝ። መልሱ እዚያ ያለ ይመስል ፊቱ ያሉትን ወረቀቶች አገላበጠ። እሱም አያውቅም ነበር። የሚያስፈራራኝ በባዶ መዝገብ ነበር፤ ያን ጊዜ ገባኝ። ሲገባኝ ደግሞ ፍርሃቴ ለቀቀኝ።

መዝገቡን ወደ እሱ ገፋ አደረግኩት፣ ቀዩንም እስክሪብቶ ከላዩ ላይ አስቀመጥኩ። «ሠላሳ አንዱን የለም ብለው ራስዎ ይጻፉና ይፈርሙ። እኔ አልፈርምም። ነገ ከነዚህ ባሎች አንዱ ከነነፍሱ እየሄደ ቢመጣና ልጆቼ የት አሉ ቢል፣ የሚጠየቀው የፈረመው ሰው ነው።»

እስክሪብቶዬን አየው። አልነካውም። «ውጪ» አለኝ።

ሰኞ ጠዋት የኦቦ ዲንሳ መኪና ሜዳው ላይ ቆመ። ሌሊቱን ዘንቦ አየሩ ቀዝቀዝ ብሎ ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ተደርድረዋል፤ ዘይነባ ከኋላ ናት፣ የልጆቿን እጅ የያዘችበት ጣቶቿ ነጥተዋል። ጓድ መኩሪያ ሁለት ወረቀት ይዞ መጣ። አንደኛው አባታቸው መሞቱን ያረጋገጥኩላቸው ልጆች ዝርዝር ነው፣ እኔ ፈርሜበታለሁ። ሁለተኛው የሠላሳ አንዱ ሴቶች ልጆች ዝርዝር ነው፣ ራሱ በእጁ ገልብጦታል። ፊርማ ግን የለበትም።

«ጫን» አለው ኦቦ ዲንሳን።

ኦቦ ዲንሳ ማንበብ የሚችለው በግድ ነው፤ ሁለተኛውን ወረቀት ግን ገልብጦ ጀርባውን አየ፣ አዙሮ ፊቱን አየ፣ እንደገና ገለበጠው። «ጓድ፣ ፊርማው የታለ?» አለ በዚያ በሚያውቅበት የዋህ ድምፁ።

«እኔ እያዘዝኩህ ነው!»

«አዎ ጓድ። ለአንድ ኩንታል ማሽላ እንኳ ፊርማ ትጠይቁኛላችሁ። ይህ ደግሞ ሰው ነው። መንገድ ላይ ኬላ አለ፣ ማን ነው የላከህ ቢሉኝ ማንን ልበል? እዚህችው ላይ ይፈርሙልኝና አሁኑኑ እነሣለሁ።»

ሁሉም ሰው ጓድ መኩሪያን ያያል። እስክሪብቶ ከኪሱ አወጣ። ወረቀቱን ኮፈኑ ላይ ዘረጋው። የእስክሪብቶው ጫፍ ወረቀቱን ነካ፣ ነጥብ አደረገ፣ እዚያው ቆመ። ላቡ በጆሮ ግንዱ ወረደ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር፣ የፈራውም እኔን አይደለም። ከሱ በላይ ያሉት ነገ «ማን ፈረመ?» እንደሚሉ ከሁላችንም የበለጠ ያውቃል። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «እስኪጣራ ይቆዩ» አለ።

ዘይነባ አልጮኸችም፣ አላመሰገነችኝም። ልጆቿን ይዛ በፍጥነት ወደ ጎጆዋ ሄደች። ሐሳቡን ይለውጣል ብላ ሳትፈራ አልቀረችም።

መኪናው ግን ባዶውን አልሄደም። አባቶቻቸው መሞታቸውን ያረጋገጥኩላቸው ልጆች ተጫኑ፤ ፊርማዬ ያለበት ዝርዝር ያ ነው። እናቶቻቸው ከመኪናው ኋላ ሲሮጡ አይቻለሁ። ትክክል ነው የጻፍኩት፣ ግን ትክክል መሆኑ አልረዳቸውም። ለነሱ ማስመሪያ አላወጣሁም። 

ኦቦ ዲንሳ ሳይነሣ በፊት የሠላሳ አንዱን ባሎች ስም ከነአገራቸው በአንድ ወረቀት ላይ ገልብጬ ሰጠሁት። «በየደረስክበት መንደር አስነብበው» አልኩት። «ኢንተላ ኮ፣ አንቺ አንድ ቀን ታሳስሪኛለሽ» አለኝና ኮፍያው ውስጥ ከተተው።

እኔ በወሩ ወደ ኑኑ ቁምባ ወረዳ ተዛወርኩ። ቅጣት ነው አላሉም፣ «የሥራ ዝውውር» ነው። ከብት ቆጠራ ላይ መደቡኝ። የበሬ ዕድሜ ስጠይቅ ገበሬው ትከሻውን ከሰበቀ «አልታወቀም» እያልኩ እጽፍ ነበር። ምን ገዶኝ! አለቆቼ ሲበሳጩ ደስ ይለኝ ነበር።

በዓመቱ መስከረም ነቀምቴ ለበዓል ስመጣ፣ ኦቦ ዲንሳ በራችን ላይ ቆሞ ከሩቅ እየሳቀ ጠበቀኝ። ይመር ተገኝቶ ነበር። የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ከወንዙ ማዶ፣ ግማሽ ቀን በማያስኬድ ሌላ ቁጥር መንደር ውስጥ። እዚያ ያለው መዝጋቢ «ሚስትህስ?» ብሎት «የለችም» ብሎ መልሷል፤ እሱም ዞር ብሎ አይቶ ይሆናል። መዝገቡ ላይ «ያላገባ» ተብሎ ተጽፏል። ኦቦ ዲንሳ እህል ሲያራግፍ ስሞቹን በወጉ ማንበብ ስላቃተው ለመንደሩ መምህር ሰጥቶ ሲያስነብብ፣ «ይመር» የሚለው ላይ አንድ ሰው የተሸከመውን ኩንታል መሬት ላይ ጣለው። በማግስቱ ወንዙን ተሻግሮ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ አምስተኛው መንደር ገባ።

ከሠላሳ አንዱ ስድስት ባሎች እንደተገኙ ሰምቻለሁ። ሁለቱ መሞታቸው ተረጋገጠ። የሌሎቹን አላውቅም።

ታሪኩን ስጨርስ አንጮቴው ቀዝቅዞ ነበር። ሲፈን ወደ ኮምፒዩተሯ ዞራ «አኮ፣ የሚገርም ነገር ልንገርሽ?» አለችኝ። ለካ ይሄ ማሽን ራሱ ባዶን ከዜሮ ለይቶ ያውቃል። ባዶውን ቦታ «ከዜሮ ጋር እኩል ነህ?» ብትይው አዎ አይልም። «ትለያለህ?» ብትይውም አዎ አይልም። ሌላው ይቅርና ባዶና ባዶ እንኳ እኩል ናቸው አይልም።

«ከጓድ መኩሪያ ይሻላል በይኛ!» አልኳት።

«ግን ችግር አለው። ያንቺን መዝገብ ብንሰጠው፣ ዝም ብለሽ ‹አለ› ወይም ‹የለም› ያሉትን አውጣልኝ ካልሽው ባዶዎቹን ሳይነግርሽ ይጥላቸዋል። እነሱን ከፈለግሽ ለብቻቸው ነው መጠየቅ ያለብሽ፤ ባዶ የሆኑትን አምጣልኝ ብለሽ።»

«እና እየጠየቅሽ ነው?»

ዜሮ የምታደርገውን መስመር አጠፋቻት። ባዶዎቹን ለብቻቸው አውጥታ በየትምህርት ቤቱ ለይታ ደረደረቻቸው፤ ኔትወርኩ ሲመለስ ለርዕሳነ መምህራኑ እየደወለች ልትጠይቅ ነው። ሰኞ አይደርስላትም። «ይቆጡኛል» አለች። ይቆጡ።

እኔም የራሴ ጣጣ አለብኝ። እናቴ ከሞተች ዓመታት ቢያልፉም ቤቷ ዛሬም በስሟ ነው። የወራሽነቱን ወረቀት ያልጨረስኩት በገመቹ ምክንያት ነው። የሚያስተናግደኝ ወጣት ጨዋ ልጅ ነው፣ «እማማ፣ ሞቷል ይበሉና ይገላገሉ፤ ማን ይጠይቅዎታል?» ይለኛል። እናቴ ዓይኗን እስክትከድን «ህን ቤክኑ» ያለችውን እኔ በየትኛው እውቀቴ ነው የማውቀው?

ነገ ጠዋት ቀጠሮ አለኝ። ቅጹን አስቀድሞ ሰጥቶኛል፤ እሱ ላይ ከገመቹ ስም ጎን ሁለት ሳጥኖች አሉ፣ አንዱ «አለ» ይላል፣ አንዱ «የለም»። ማስመሪያዬንና ቀይ እስክሪብቶዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ።